ሁለተኛዋ ድምፃዊት

ቪየና፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጥርዬ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ ሙሉ፣ ቤትሽ ሰላም፣ ጉሮሮሽም ደህና ሆኖ ያግኝሽ። እኔ ጉልበቴ ትንሽ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ «አንቺ ታወሪያለሽ፣ እኔ እህ እላለሁ» ብለሽ ከተቆጣሽኝ ወዲህ፣ ይኸው እንደ ድሮው በእጄ እየጻፍኩ ፎቶውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ተበላሽቷል፤ አትሳቂ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ከደስታ ብዛት ነው። ባለፈው ቅዳሜ እኔና ጓደኛዬ ማግዳሌና የመጀመሪያውን የጃዝ ካባሬ ምሽታችንን አቀረብን። ካባሬ ስልሽ እንዳትደነግጪ፣ ነውር ነገር የለበትም። አንድ ምድር ቤት ነው፤ ሃያ ምናምን ጠረጴዛ፣ አንድ ፒያኖ፣ አንድ ሳክስፎን፣ ሁለት ድምፃውያን። እንዘፍናለን፤ በዘፈን መሃል ደግሞ ወሬ እየተቀባበልን ሰውን እናስቃለን፣ ትንሽም እናስለቅሳለን። ቀን የአረጋውያን ቤት አንሶላ የምታጥበዋ ሩት ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መብራት ውስጥ ስትቆም ብታዪ! ድምፄ እንደምታውቂው ወፍራም ነው፣ ሽቅብ አይወጣም። ጃዝ ላይ ግን መውጣት ግዴታ አይደለም። ሹክ እያልኩ ስዘፍን ሰው ጭራሽ ይወደዋል።

ስለ ጅማ አወራሁላቸው። ስለ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን፣ ስለ ካኪው ዩኒፎርማችን፣ በሬዲዮ ስለተላለፈው ስለ አዌቱ ወንዝ ዘፈን። ስላንቺም ነገርኳቸው። የቄሱ አጎቴ ልጅ የሆነች፣ አባቷን ፈርታ ከመጋረጃ ጀርባ የምትቆም እህት ነበረችኝ አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ጠረጴዛ እስኪደበድቡ ሳቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ የባህል ማኅበር የጉዞውን ወጪ እችላለሁ ብሎኛል። ከፋሲካ በኋላ ይህንኑ ምሽት ጅማ ላይ ላቀርብ ነው። ጅማ፣ ጥርዬ! ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ! ማግዳሌና ግን አትመጣም፣ ልጇ የምትወልድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የሁለተኛዋ ድምፃዊት ቦታ ክፍት ነው። ይህን ስጽፍ ማን ትዝ እንዳለችኝ አልነግርሽም፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

የምትናፍቅሽ
ሩት

ጅማ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩትዬ፣

በሰው አገር ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀሽ አምላክ አሁንም አይለይሽ። እኛ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ሰዎች ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አልወጣም ብሎ የቡና ለቀማው ላይ ገብቷል፤ የቡ ገጠር ያሉት ዘመዶቻችን የለቀሙትን የሚያሰጡበት ፀሐይ አጥተው ያማርራሉ። እኔም መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይሌን አገላብጣለሁ። ለጡረታ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ቆሜ ነበር፣ ከዚያ ተቀመጥኩ። ሁለተኛዋ ድምፃዊት! ኧረ በስመአብ፣ በሃምሳ ሰባት ዓመቴ! ሳቅሁ፣ ደግሞ ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ሁለት ጥርስ ጎድሎኛል እንጂ ፊቴስ አያስጠላም።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከመጋረጃ ጀርባ ትቆም ነበር ብለሽ ሰውን አሳቅሽብኝ። ቆሜ ምን እሠራ ነበር ብለሽ ነገርሻቸው? ምክንያቱም ሩትዬ፣ እኔና አንቺ እንተዋወቃለን። ግጥሙን አንቺ ፊት ሆነሽ ትዘፍኚያለሽ፤ ጥሪው ላይ ስትደርሺ አፍሽን ትከፍቻለሽ፣ እጅሽን ትዘረጊያለሽ፣ ድምፁ ግን የእኔ ነው። ያ ጥሪ ቃል የለውም። የቡ እናትሽ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ስንለቅም፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ብሎ ሰው ከሰው ስለማይተያይ፣ ለቃሚዎቹ የሚጠራሩበት ድምፅ ነው። ከዚያ አምጥቼ ዘፈኑ ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጅማ የአዌቱን ዘፈን ሲያነሳ የሚያነሳው ጥሪውን ነው፤ ግጥሙንማ ግማሹ ሰው ረስቶታል። ይህን የሚያውቅ እኔ፣ አንቺና መጋረጃ ጎታቹ አባቦራ ብቻ ነን።

ያ ዘፈን በሬዲዮ የወጣ ቀን አባዬ እራት ላይ ነበሩ። እኔ እጃቸውን ላስታጥብ ቆሜያለሁ። ሬዲዮው «ድምፃዊት ሩት» አለ። አባዬ እስኪያልቅ ሰሙና «ዘፈን ኃጢአት ነው፤ ግን የእህቴን ልጅ ጉሮሮ እግዚአብሔር በእጁ ነው የሠራው» አሉ። ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ይኸው ከሞቱ ሦስት ዓመት አለፈ።

አሁን ከልካይ የለኝም። እዘፍናለሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ምሽት፣ በገዛ ፊቴ፣ በገዛ ስሜ፣ የጅማ ሰው እያየኝ ያንን ጥሪ መጥራት። ከዚያ ወዲያ ቢቀርብኝ የሚቆጨኝ ነገር የለም።

መልስሽን ቶሎ በይ።

ጥርዬሽ

ቪየና፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጥርዬ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ስለዘገየሁ አፈር ልሁንልሽ። አንሶላ፣ ልምምድ፣ የማኅበሩ ስብሰባ፣ ደግሞ ብርዱ፤ ብቻ ጊዜ እንደሌለኝ ቁጠሪው።

የጠየቅሽኝን ነገር በአካል ስንገናኝ እናወራዋለን። በደብዳቤ አይሆንም፣ ረጅም ነው። አንቺም እንዲህ በትንሽ በትልቁ ሆድ አይባስሽ።

ቀኑ ተቆርጧል። ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ። አሁን አንቺን የማስቸግርሽ አዳራሽ ነው። ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ፒያኖ ባይኖረው እንኳን ኤሌክትሪኩ የማይቆራረጥ፣ መድረኩ ላይ መጋረጃ ያለው ይሁን። ሆቴሎቹን ዞረሽ እይልኝ። ከድሮ ሰዎች በሕይወት ያሉትን አስታውሺልኝ፣ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጡልኝ እፈልጋለሁ። ጥሪውንም ተለማመጂ። አሁንም ድሮ የደረሰበት ድረስ ይወጣልሻል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አትፈሪ።

ሩት

ጅማ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩትዬ፣

ለመጪው ልደት እንኳን አደረሰሽ፣ ያንቺ ቢያልፍም የእኛው ሁለት ቀን ቀርቶታል። በሰላም መጥተሽ ዓይንሽን እንዳይ አምላክ ይፍቀድልኝ።

አዳራሽ ተገኝቷል። አራት ሆቴል ዞርኩ። ሁለቱ «ጃዝ ምንድነው?» አሉኝ፣ አንዱ ሠርግ ይዟል፣ አራተኛው እሺ አለ። መጋረጃም አለው፣ ቀይ። ለምን መጋረጃ እንዳስፈለገሽ ግን አልገባኝም። ለማንኛውም ሥራ አስኪያጁን አግኝቼ፣ ጀነሬተሩን አስነስቼ፣ ወንበሩን ቆጥሬ ነው የወጣሁት። መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አትቀልጂበት።

ጥሪውን ጠየቅሽኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የቡ እየሄድኩ ስለማመድ ከርሜያለሁ። ቤት ውስጥ እንዳልጮህ ጎረቤት ልቅሶ ነው ብሎ ይመጣብኛል። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩ። ግማሽ መንገድ ላይ ድምፄ ተሰበረና ሳል ያዘኝ። ለቃሚዎቹ ሳቁብኝ። ሶረቲ የምትባል አንዲት ሴትዮ ግን «ማሎ፣ እባክሽ ከሆድሽ አውጪው እንጂ!» ብላ ከወዲያ ማዶ መለሰችልኝ። በየሳምንቱ እሷ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ወጣ፣ ሩትዬ። እላይ ድረስ ወጣ። ቡናው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ መለሰልኝ። እዚያው ቅርጫቴ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቀሚስም እያሰፋሁ ነው። አረንጓዴ ከፋይ፣ እጅጌው ረጅም። የሚሰፋልኝ አባቦራ ነው። ከኪነቱ መፍረስ በኋላ ልብስ ሰፊ ሆኖ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ጆሮው ደክሟል፣ ካልጮኹለት አይሰማም። «ዘፈን ልዘፍን ነው!» ብዬ ጮህኩበት። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ስንት ዓመት መጋረጃ ዘጋሁብሽ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ልብስሽን ልስፋ» አለኝ።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እኔ ዝምታቸውን እንደ እሺ ቆጥሬዋለሁ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ደግሞ ስሜ «እማማ ጃዝ» ሆኗል፤ ቀኑን ሁሉም ይዘውታል፣ በአንድ ላይ ሊመጡ ተማምለዋል። ያልሰማ ሰው የለም።

አሁንም ያንን ጥያቄ አልመለስሽልኝም። ከመጋረጃ ጀርባ ምን ትሠራ ነበር አልሻቸው?

ጥርዬሽ

ቪየና፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ጥሩወርቅ፣

ለጾሙ እንኳን አደረሰሽ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨንቆኝ ሳምንታት አለፉ። ከዚህ ጋር የምሽቱን ፖስተር ልኬልሻለሁ። ተረጋግተሽ እዪው።

ሁለተኛዋ ድምፃዊት ናርዲ ትባላለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ማኅበሩ ነው የመረጣት፤ ውል ላይ ስሟ ገብቷል፣ በኢንተርኔት የሚከተላት ሰው ብዙ ነው። እኔ ያንቺን ስም አንስቼ ነበር። ቪዲዮ ላኩልን አሉ፣ ምን ልልካቸው? አንቺ ቪዲዮ የለሽም። ደግሞ ካባሬ ሁለት ሰዓት ሙሉ መቆም፣ መቀለድ፣ ጃዙን ማወቅ ይጠይቃል። ጥሪው አንድ ደቂቃ ነው፣ ጥርዬ።

ነገር ግን ያለ ጥሪው መምጣት አልችልም። የጅማ ሰው አዌቱን ሳያስዘፍን አይለቀኝም። ናርዲ ሞከረችው፤ ጉሮሮዋ ያምራል ግን ያ አይደለም፣ የድሮ ሰው ወዲያው ያውቅብኛል። እናም አንቺ እንደ ድሮው ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ብትጠሪልኝ። አንድ ደቂቃ ብቻ። እባክሽን ጥቁር ልበሺ፣ መጋረጃው ስስ ከሆነ በመብራቱ እንዳትታዪ።

ተቆጥተሻል፣ አውቃለሁ። ግን እኔን ደግሞ እዪኝ። እዚህ አገር ሰው ወዶኝ ወንበር ስቦ የሚቀመጠው በዚያ ዘፈን ታሪክ ነው። እሱን ከወሰድሽብኝ የሚቀረኝ አንሶላው ነው። ስለ መጋረጃውም ለጠየቅሽኝ፤ ግጥም ሲጠፋብኝ የምታስታውሰኝ እህት ነበረች ነው ያልኳቸው። ይኸው ነገርኩሽ።

የሚሆንሽ ሽቶና የንባብ መነጽር ገዝቼልሻለሁ።

ሩት

ጅማ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሩት፣

ግጥም የማስታውስሽ! ግጥሙንማ አንቺ ነበርሽ የምትዘፍኚው! እኔ ምን ግጥም ነበረኝና?

ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ዛሬ ከአፌ አይወጣም። ፖስተሩን መሥሪያ ቤት ውስጥ ከእኔ በፊት አይተውታል። አንዷ «አንቺ እንግዳ ሆነሽ ነው የምትወጪው አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዋሸሁ። የማዝነው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አዳራሹን ያገኘሁልሽ እኔ ነኝ። መጋረጃውን ቀዩን አይቼ «ያምራል» ያልኩት እኔ ነኝ። ለራሴ መሸፈኛ ነው እንዴ ስመርጥ የነበረው?

ልቅር ብዬ ነበር። ሁለት ቀን አስቤበት ሐሳቤን ቀየርኩ። እመጣለሁ። ከመጋረጃው ጀርባም እቆማለሁ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ከዘፈኑ በፊት «ይህን ጥሪ ያኔም ዛሬም የምትጠራው ጥሩወርቅ እሱባለው ናት» በይ። መውጣት አያስፈልገኝም፣ ፊቴ ይቅር። ስሜን ግን ጥሪ። ስሜ ከተጠራ ጥሪውን እሰጥሻለሁ። ካልተጠራ አትጠብቂኝ።

ሽቶውን ለናርዲ ስጪያት።

ጥሩወርቅ

ቪየና፣ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

አምላክ ቁጣሽን ያብርድልኝ። ደብዳቤሽን አንብቤ ከአንድ ወር በላይ መልስ ያጣሁት ስላፈርኩ ነው።

ስምሽን እጠራለሁ። እንዳልሽው፣ ቃል በቃል። በእናቴ አጥንት ይሁንብኝ። አንቺም ታውቂያለሽ፣ በእናቴ ምዬ አልዋሽም።

ሚያዝያ 24 ማታ ጅማ እገባለሁ፤ ሆቴል ነው የማድረው፣ ማኅበሩ ነው ያስያዘልን። ለልምምድ አትልፊ፣ ምልክቱን ታውቂዋለሽ፤ እጄን ስዘረጋ ነው።

ሩት

ቪየና፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጥርዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ቤትሽ ሳልመጣ በመሄዴ ይቅር በይኝ፤ እሁድ ጠዋት አውሮፕላኑ ሊያመልጠን ነበር፣ እንግዶቹም ነበሩ።

ስምሽን ልጠራ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ግን ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ የተነሳ ስልክ ሳይ መልሼ ዋጥኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ያወራሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላፍርሰው? አልቻልኩም። ይኸው እውነቱ።

ዝም ስትዪ ሞቼ ነበር። አፌን ከፍቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ምንም! በልቤ ረገምኩሽ። ከዚያ የሆነውን ግን ሰማሽው። ሰዉ ተነስቶ እያለቀሰ ራሱ ሲጠራው! ናርዲ «እንዴት አሰብሽው?» ብላ አቀፈችኝ። ቪዲዮውን ስንት ሺህ ሰው እንዳየው ብነግርሽ አታምኚም። «ሩት ድምፅ አጥሯት አለቀሰች» ብለው ነው የጻፉበት።

እዚህ ከተመለስኩ ወዲህ ሁለት ምሽት አቅርበናል። አሁን ጥሪው ላይ ስደርስ አፌን እከፍታለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ ዝም እላለሁ። ፒያኖውም ይቆማል። ሰዉ ይነሳል፣ ጥርዬ፣ በሙሉ ይነሳል። ማግዳሌና ሳትቀር ከጎኔ ቆማ ታለቅሳለች። ጋዜጣ ላይ እንኳን ወጥቷል።

ስለዚህ ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። ጥሪውን የሚጠራልኝ ሰው አያስፈልገኝም። ክፉ አስበሽ ያደረግሽው ነገር ለበጎ ሆኗልና እኔም ቂም አልያዝኩብሽ፣ አንቺም አትያዢብኝ።

የምትወድሽ
ሩት

ጅማ፣ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሩት፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንደሆንኩ አልጠየቅሽኝም። እኔው ልንገርሽ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽም አይመስለኝም።

ጥቁር ልበሺ ብለሽኝ ነበር፣ አልለበስኩም። አረንጓዴውን ከፋይ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ መጣሁ። በመጋረጃው ክፍተት አዳራሹን አየሁት። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች አንድ ረድፍ ሞልተው ተቀምጠዋል፣ አበባ ይዘዋል። አባቦራ ፊት ወንበር ላይ ነጭ ኮፊያውን አድርጎ፣ ሱፉን አስተኩሶ ተቀምጧል።

እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ዘፈንሽ። ወፍራም ድምፅሽ እያረጀ አምሮበታል። ናርዲም ልጅ ናት ግን ታውቅበታለች። አንቺ አንዱን ቃል ጎትተሽ ስትተዪላት እሷ አንስታ ስታሽከረክረው፣ ደግሞ ፒያኖ ተጫዋቹን ስታበሽቁት፣ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከኋላ ሆኜ እኔም ስቄያለሁ። ለካ ይሄ ነው ካባሬ የሚሉት አልኩ። ቀናሁም። ከናርዲ ቦታ ቆሜ አብሬሽ መሳቅ እንዴት እንደፈለግኩ አትጠይቂኝ።

ከዚያ አዌቱ ደረሰ። ማይኩን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ይህን ዘፈን…» አልሽ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት። «ይህን ዘፈን ለአንዲት ውድ ዘመዴ አበረክታለሁ።» አንዲት ዘመድ! ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ስሜ ጠፍቶሽ አያውቅም። በእናትሽ አጥንት ምለሽ ነበር። እኔ እናትሽን ቀብሬያለሁ፣ ሩት። አንቺ ቪየና ነበርሽ።

«አዌቱ ሞላብኝ ድልድዩ ተሰብሮ፣ የምወደው ማዶ ልቤን ይዞ አብሮ» አልሽና አፍሽን ከፈትሽ፣ እጅሽን ዘረጋሽ። እኔ አፌን ገጠምኩ። ያለኝ ጉልበት ይሄ ብቻ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሰዉ ያጉረመርማል፣ ያፏጫል፣ «ድምፁስ?» ይላል፣ ያኔ ሁሉም ያውቃል ብዬ ነበር። በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስት ላይ አንዲት ሴት አለቀሰች። «አይዞሽ ሩት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ጠራልሽ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ሳይቀሩ። ለእኔ ያመጡትን አበባ ወደ አንቺ ወረወሩት።

ዝም ማለት ሰው የሚጎዳው ለካ ድምፅሽን የሚያውቅ ሲኖር ነው። የእኔን ማን ያውቀዋል? ማስታጠቢያ ይዤ ዝም ስል አባዬ አንቺን አመሰገኑ፤ ማይክ ይዤ ዝም ስል ጅማ አንቺን አመሰገነ። አሁን ደግሞ ዝምታዬን ቪየና ወስደሽ በየምሽቱ ታቀርቢዋለሽ አሉ። ደግ አደረግሽ። እሱም ይጭበጨብልሽ።

አባቦራ ከመጋረጃው ጀርባ መጥቶ ሁለት እጄን ያዘኝ። ፊቱ በእንባ ርሷል። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ጥሩወርቅ፣ ድሮ እንደነበርሽው ነሽ» አለኝ። ሰዉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ አይቶ የጠራሁ መስሎታል። ምን ልበለው? ልጩህበት? ግንባሬን አስሳምኩት፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

የመጨረሻውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሰው ሁሉ ካንቺ ጋር ፎቶ ሊነሳ ወደ በረንዳው ከወጣ በኋላ መጋረጃውን ገልጬ መድረኩ ላይ ወጣሁ። መብራቱ ገና አልጠፋም ነበር። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ብርጭቆ የምትሰበስብ ሴት ብቻ ቀርታለች። ቀሚሴን አስተካከልኩ፣ እንደ የቡው እግሬን ከፈት አድርጌ ቆምኩ፣ ያለ ማይክ ጠራሁት። ሳይሰበር፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ እላይ ድረስ ወጣ። በአሥራ ስምንት ዓመቴም እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም።

ሴትየዋ ብርጭቆ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች። እስክጨርስ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ፊቷ በፈገግታ ሞላ። «ውይ እማማ፣ ቁርጥ ሩትን!» አለችኝ። «እሷን መምሰል እንዴት ቻሉበት?»

አመሰገንኳትና በጓሮው በር ወጣሁ።

ጥሩወርቅ እሱባለው